ድንቢጥ ያልኩት አሞራ ሆነ

ሽቱትጋርት የገባሁ ሰሞን «ጀርመኖች ሥርዓት አጥባቂ ናቸው» ሲሉኝ፣ የባቡር ሰዓት ነበር የመሰለኝ። ለካ ሊጥም ሥርዓት አለው።

የዚህ አካባቢ ሰዎች ሽዋብ ይባላሉ። መጀመሪያ ስሰማ «ሸዋ» ያሉ መስሎኝ፣ የአገሬን ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩን ሳየው ብዙም አልተሳሳትኩም። እነሱም ሰውን በእጅ ሙያው ይመዝናሉ። እኛ ጋ ፈተናው ከዶሮ 12 ብልት ማውጣት ነው። እነሱ ጋ ሽፔትስሌ ነው፤ ከፉርኖ ዱቄት፣ ከእንቁላል፣ ከጨውና ከትንሽ ውሃ የሚሠራ አጠር ያለ፣ ጠማማ ፓስታ። ፓስታ ማለቴን አከራዬ እንዳይሰሙ! ፓስታ የጣልያን ነው። «የሽዋብ ሽፔትስሌ» የሚለው ስም ደግሞ ከ2012 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይጠበቃል። ትርጉሙም «ትንንሽ ድንቢጦች» ነው ይላሉ።

አከራዬ 80ን የተሻገሩ ባልቴት ናቸው። ደረጃ የመጥረግ ሳምንቴ ሲደርስ በሬ ላይ ማስታወቂያ ይሰቅሉብኛል። አንድ ቅዳሜ ከሱቅ የገዛሁትን እሽግ ሽፔትስሌ በፌስታሌ ውስጥ አዩት። ምንም አላሉም። ፌስታሉን አዩ፤ እኔን አዩ። በማግስቱ ኩሽናቸው ጠሩኝ።

ልኩ ለአንድ ሰው 100 ግራም ዱቄትና አንድ እንቁላል ነው። በዚያ ላይ አንድ እንቁላል ይጨመራል። «ይሄኛውስ ለማን ነው?» አልኳቸው። «ለሳህኑ» አሉኝ። በቆጣቢነታቸው አገሩ ሁሉ የሚቀልድባቸው ሰዎች፣ እንቁላል ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይፈታል።

ከዚያ ሊጡ ይመታል። ማሽን ነውር ነው፤ በማማሰያ ብቻ። ገንፎ ያገነፋ ሰው ይፍረደኝ፣ ክንዴ ዛለ። ሊጡ እንደ እንጀራ ሊጥ አይቀጥን፣ እንደ ገንፎ አይጠጥር። ማማሰያውን ሲያነሱት እየተለጠጠ በቀስታ ይወርዳል። አረፋ ማውጣት ሲጀምር ደረሰ ማለት ነው። «ዓይን አወጣ!» ብዬ ጮህኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ በጀርመንኛ ለማስረዳት ስሞክር፣ ዓይኔን ያመመኝ መስሏቸው መነጽራቸውን አደረጉ።

ዋናው ፈተና መክተፊያው ላይ ነው። መክተፊያውን በሚፈላው ጨው ውሃ ያርሱታል፤ ሊጡን በስሱ ይዘረጉበታል፤ ከዚያ በሰፊ ቢላ ጫፍ ጫፉን እየላጉ ውሃው ውስጥ ይጥሉታል። ሲንሳፈፍ በስሏል። አከራዬ ቸክ ቸክ ሲያደርጉት ድንቢጦቹ ተከታትለው ገቡ። እኔ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው አውራ ጣት አከለ፤ ሁለተኛው ጫማ። ሦስተኛው ላይ ሊጡ እንዳለ ተገልብጦ ገባ። ይሄ ድንቢጥ ሳይሆን ጆፌ አሞራ ነው።

«እንደ ነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ ያለ፣ ትልቅ መጭመቂያ አለ አይደል?» አልኩ በፍርሃት።

ወደ በሩ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የታችኛዋ ጎረቤት በእሱ ነው የምትሠራው።» እኛ ሰፈር በዚህ ድምፅ የሚወራው የሰው ትዳር ነው።

በዚህ መሃል እናቴ ደወለች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ፓስታ።»

«አገሩ ላይ ፓስታ ጠፋ እንዴ?»

«አይ እማዬ፣ ይሄ ከዱቄት ጀምሮ በእጅ የሚሠራ ነው።»

ለአፍታ ዝም አለች። «ገንዘብ ካጠረህ ለምን አትነግረኝም ልጄ?»

አከራዬ ረቡዕ እንድገመው ሲሉኝ፣ ጾም ነው፣ እንቁላል አይሆንም አልኳቸው። ሳቁ። እነሱ ጋ ማውልታሸ የሚባል፣ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ የሚቀቀል ምግብ አለ። የቤት ስሙ «እግዜርን ማታለያ» እንደ ማለት ነው። በጾም ሥጋው ከላይ እንዳይታይ ታስቦ ተሠራ ይባላል። እኛ ጾም ላይ ይህን ያህል አልተራቀቅንም፤ ወይ እንጾማለን፣ ወይ በር ዘግተን እንበላለን።

ሽዋቦች ሽፔትስሌን ከምስርና ከቋሊማ ጋር ይበሉታል። ምስር የሚለውን ስሰማ ቀና አልኩ። የእነሱ ምስር አልጫ ቢጤ ሆኖ ኮምጣጤ ይጨመርበታል። እስቲ ምስር ምን እንደሆነ ላሳያቸው ብዬ ለእሁድ ምሳ ጠራኋቸው። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ በርበሬውን ሳልሰስት ጨመርኩ። ከጎኑ አሞራዎቼን ደረደርኩ።

አከራዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጡ። ጆሯቸው ቀላ። አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ውሃ ላመጣ ብድግ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። አንድ አሞራ በሹካ አንስተው ወዲያና ወዲህ አገላብጠው አዩት፤ ትንፋሽ ሰበሰቡና፦

«ሊጡ አልከፋም» አሉ። «ግን ኮምጣጤው የት አለ?»