መኪናው አንድ፣ ሒሳቡ ሦስት

ደጀን ቆመናል። የአውቶቡሱ ሾፌር ምሳውን እስኪጨርስ ባለችኝ ጊዜ ይህን ካልጻፍኩ፣ ደብረ ማርቆስ ስገባ ንዴቴ እንደ ወትሮው ወደ ዝምታ ይለወጣል፤ ዝም ማለቱ ደግሞ መሮኛል። ከትናንት ጀምሮ «እህ፣ ተዋዋላችሁ?» እያላችሁ ለደወላችሁልኝ ሁሉ መልሱ ይኸው፤ ከአዲስ አበባው የአደን አስጎብኚ ድርጅት ጋር አልተዋዋልንም። ያፈረሰንም የአደኑ ዋጋ ሳይሆን የመኪና ሒሳብ ነው።

የአጎቴን የአያን ልጅ ታውቁታላችሁ። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ በየዓመቱ የአደን ወቅት ሲከፈት ፈቃድ እያወጣ ያድናል፤ ምኞቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነው፤ አባቱ አጠገቡ ቆመው እያዩት፣ በገዛ አገሩ ደጋ ላይ አንድ ጊዜ መተኮስ። አያ አባታቸውን ተከትለው ዓባይ በረሃ እየወረዱ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ልጁም አደንን የተማረው ከእሳት ዳር ወሬያቸው ነው። ለዚህ ጉዞ አራት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሞ፣ አራት ወር ከአስጎብኚው ድርጅት ጋር ተጻጽፎ፣ 3,000 ዶላር ቀብድ ልኮ፣ በመጨረሻ «ፊት ለፊት በአማርኛ ብትነጋገሩ ይሻላል» ብሎ እኔን ወከለኝ። አያም «እኔስ የት ልቀር ነው?» ብለው በ78 ዓመታቸው አብረውኝ ተነሡ።

ስለ አደኑ ዋጋ አንዲት ቃል አላማርርም። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም ከባሌና ከአርሲ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው፤ የፈረንጅ ሳይንስ እንኳ ስም የሰጠው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ለማደን መንግሥት ከፍ ያለ ክፍያ ቢጠይቅ፣ አዳኙ ቁጥጥር ከሚደረግበት የአደን ክልል እንዳይወጣ ቢከለክል፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝ አብሮት ይውጣ ቢል ልክ ነው። አዋጅ ቁጥር 541/1999ንም፣ ተከትሎት የወጣውን ደንብ ቁጥር 163/2000ንም አግኝቼ አንብቤያለሁ፤ ሰው ወክሎኝ ሳላነብ አልሄድም። በውሉ ላይ የቆሰለ አውሬ ቢያመልጥ እንኳ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ሙሉ ዋጋው ይከፈላል የሚል አንቀጽ አለ። እሱን ለአያ ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «ደግ አድርገዋል፤ አቁስሎ የሚመለስ ምኑን አዳኝ ሆነ?» አሉ። እኛ መክፈልን የምንሸሽ ሰዎች አይደለንም። የጠየቅነው ዋጋው ከመጀመሪያው እንዲነገረን ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በወረቀቱ ነው። ከአራት ወር በፊት የላኩልን የዋጋ ዝርዝር ላይ «ትራንስፖርት፦ ተካቷል» ይላል፤ ስልኬ ውስጥ አለ፣ ለፈለገ አሳያለሁ። ትናንት ጠዋት ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያኖሩልን ወረቀት ግን «ተካቷል» ከሚለው ቃል ራስ ላይ የዝንብ ዓይን የምታክል ኮከብ በቅላበታለች። መነጽሬን አውጥቼ ኮከቧን ተከትዬ ወረቀቱን ብገለብጠው፣ ከጀርባው ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ከአዲስ አበባ ከተማ ውጭ የሚደረግን ጉዞ አይጨምርም» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። አደኑ ባሌ ነው! በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው! እውነት ተናገሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ምን ሊያድን ነው ትራንስፖርት የተካተተለት?

የድርጅቱ ሰውዬ ሳያፍር «ለደርሶ መልስ በነፍስ ወከፍ 1,600 ዶላር ነው» አለኝ። ልጁ፣ አያና እኔ ሦስት ነን፤ 4,800 ዶላር ማለት ነው። እኔ 28 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከሥሩ ልይዝለት ፈለግሁ።

«መኪናው ስንት ነው?» አልኩት።

«ላንድ ክሩዘር ነው።»

«ዓይነቱን አይደለም፣ ቁጥሩን ነው የጠየቅሁት።»

«አንድ ነው።»

«ሾፌሩስ?»

«አንድ ነዋ።»

«እኔና ሽማግሌው ብንቀር፣ ልጁ ብቻውን ቢሄድ፣ የሚቃጠለው ነዳጅ በሦስት ይካፈላል?»

«አሠራራችን ነው፣ ወንድሜ።»

«አሠራራችን» የምትለውን ቃል በሕይወቴ እንደ ትናንት ጠልቻት አላውቅም። ለአንድ መኪና ሦስት ጊዜ የሚያስከፍለው ምክንያት ምን እንደሆነ ስጠይቅ አሠራራችን ነው፤ ለምን ከአራት ወር በፊት አልተነገረንም ስል አሠራራችን ነው። እሺ፣ የመኪናውን ሙሉ ዋጋ አንድ ጊዜ እንክፈል፣ ባዶ የሚሄደው ወንበር ላይ ሽማግሌው ይቀመጡ ብዬ ለመንኩት፤ አዎ፣ ለመንኩት፣ ቃሉን አልሸሽገውም። አይሆንም አለ። እንግዲያው እኔና አያ በሕዝብ ትራንስፖርት በራሳችን ዶዶላ እንድረስና ከዚያ ተቀበሉን ስለው፣ እንደዚያ ከሆነ መኪናው እኛን ሲጠብቅ ለሚቆምበት ሰዓት የመጠበቂያ ክፍያ እንዳለ ነገረኝ። በስንት መንገድ ብመጣበት በዚያው መንገድ የሚከፈል ነገር ጠበቀኝ።

መኪናው ብቻ ቢሆን ምን ነበር። ልጁ ጠመንጃውን ይዞ ሲገባ ኤርፖርት ላይ ለሚደረግለት አቀባበል ለብቻው ይከፈላል። ቆዳውንና ቀንዱን ጨው ነስንሶ ለማሸግ ለብቻው፣ ወደ አሜሪካ ለመላክ ደግሞ ሌላ ለብቻው ይከፈላል። ለካምፑ ወጥ ቤትና ለዱካ ተከታዮቹ የሚሰጠው ጉርሻ ሳይቀር በቁጥር ተወስኗል፤ የተወሰነ ጉርሻ ምኑ ጉርሻ ነው? የማያድን አጃቢ በቀን 200 ዶላር ይከፍላል፤ 14 ቀን በ200፣ በሁለት ሰው፣ 5,600 ዶላር። ይህንን «የምግብና የመኝታ» ብለው ጽፈውታል። አያ እኮ በሶአቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት! ሰባ ዓመት ሙሉ ጠዋት በሶ በጥብጠው ከመጠጣት በቀር ሌላ ቁርስ አያውቁም፤ ትናንትም ስልቻዋ እግራቸው ሥር ነበረች።

የእኔን ድርሻ ከኪሴ በብር ልክፈል ብዬ አስቤ ነበር። በዕለቱ የዶላር ምንዛሪ ይሰላል አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የመኪናዋ ወንበር ብቻ ከአንድ ዓመት ደመወዜ ትበልጣለች። አገር ውስጥ በብር ነዳጅ ቀድቶ፣ ለሾፌሩ አበል በብር ከፍሎ፣ እኔን አስተማሪውን በዶላር የሚያስከፍለኝ በምን ሒሳብ ነው?

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። እኔ ይህን ሁሉ ቁጥር በእስኪርቢቶ እየደመርኩ ሳለሁ ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ መጀመሪያ የአያን ጋቢ፣ ቀጥሎ የበሶውን ስልቻ፣ ከዚያ እኔን አየና፣ እስከዚያ ድረስ አንቱ ሲለኝ የቆየው ሰው ወደ አንተ ወርዶ እንዲህ አለ፤

«ለመሆኑ የአንተ ኮሚሽን ስንት ነው? ግልጹን ብትነግረኝ እኮ ዋጋው ውስጥ አስገብተን እንጨርስ ነበር። ደላላ ሁሉ ሲጀምር ቅናሽ ቅናሽ ይላል።»

አፌ ደረቀ። «እኚህ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አዳኙ ልጃቸው ነው» አልኩት።

ሣቅ ብሎ «እናንተ አገር ሁሉም አጎት ነው» አለና ወደ አያ ዞሮ «አይደል እንዴ፣ ፋዘር?» ብሎ ጨመረ።

ፋዘር! በአካባቢያቸው ሽማግሌ ሲመረጥ ስማቸው መጀመሪያ የሚጠራውን፣ ሁለት ደም ያስታረቁትን ሰው፣ ፋዘር! እኔ ደግሞ በአጎቴ ልጅ ገንዘብ ላይ የምደልል ሰው ሆንኩ፤ ያውም በእሳቸው ፊት። ስንት መልስ ነበረ ለእሱ፤ ከትናንት ጀምሮ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ በአንድ እየመጣልኝ ነው፣ ያን ጊዜ ግን አንዱም አልመጣልኝም። አያ ናቸው ቀስ ብለው የተነሡት። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ስልቻቸውን አነሡ፣ «ልጄ፣ ሰውየው ሥራ አለበት፤ አታስፈታው» ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ደረጃው ላይ ዱላቸውን እያስቀደሙ ሲወርዱ «ኮሚሽን ያለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የደላላ ድርሻ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ትናንት ማታ ያደርንበት ቤትም፣ ዛሬ ጎሐ ጽዮን እስክንደርስም ስለዚህ ነገር ቃል አልወጣቸውም።

ጎሐ ጽዮን ስል ሌላም ትዝ አለኝ፤ አታስታውሱም? አክስቴ አዲስ አበባ ሕክምና ላይ ሳሉ ያረፉ ጊዜ፣ አስከሬናቸውን ወደ ብቸና ለማድረስ በኮንትራት ከያዝነው መኪና ጋር ሙሉ ዋጋውን ተነጋግረን፣ ከፍለን፣ ተጨባብጠን ነበር የተነሣነው። ሾፌሩ ጎሐ ጽዮን ላይ፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ፣ ሞተሩን አጥፍቶ «የዓባይ ቁልቁለቱና ዳገቱ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ፍሬን ይበላል» አለን። ዓባይን ሳይሻገር ከአዲስ አበባ ብቸና የሚደርስ መኪና አይቶ ያውቃል? አስከሬን ከኋላችን ተጭኖ፣ ለቀስተኛ ብቸና እየጠበቀን፣ መንገድ ዳር ገንዘብ አዋጣን። ያን ቀን ዝም ብያለሁ፤ የሐዘን ቀን ነበርና። ትናንት ያ ሰውዬ ወረቀቱን ሲያስገለብጠኝ የታየኝ የዚያ ሾፌር ፊት ነው። ስንስማማ አፋቸው ማር ነው፤ መመለስ የማንችልበት ቦታ ስንደርስ ግን ሌላ ዋጋ ይመጣል። ሰውየውም ቀብዱ እጁ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ለዚህ ነው የማያፍረው።

ዛሬ ጠዋት መናኸሪያም ያው ነው። ታሪፉ መስኮት ላይ ተለጥፏል፤ ከፍለን ገባን። ረዳቱ የአያን የበሶ ስልቻ አይቶ «ይህ ለብቻው ነው» አለ። ጭናቸው ላይ ይይዙታል ስለው እንቢ አለና ጣሪያ ላይ አስጫነው፤ 200 ብር ለእሱ፣ 50 ብር ለጫኚው። ጎረቤታችን የነበረች እናት ዶሮ ይዛ ነበር፤ ለዶሮዋም ከፈለች። ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም፤ ከትናንቱ በኋላ ለ250 ብር የሚሆን አፍ አልቀረኝም ነበር።

ልጁ ሌሊት ደውሎ ሁሉንም ነገርኩት፤ የደላላውን ነገር ብቻ አልነገርኩትም። «ተወው፣ እከፍለዋለሁ፤ አባባ ብቻ ይምጣ» አለኝ። በዚህም ተናደድኩ። አራት ዓመት ሌሊት እየሠራ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው፤ ባዶ ወንበር በ1,600 ዶላር ለምን ይግዛ? ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ ሳይነሣ ለድርጅቱ በጽሑፍ ላክሁ፤ የመጀመሪያውን የዋጋ ዝርዝር አያይዤ፣ «ትራንስፖርት ተካቷል» የሚለውን ቃል በቀይ አስምሬ፣ ወይ በዚያ ቃላችሁ ጽኑና ከአዲስ አበባ እስከ ካምፑ ያለውን ጉዞ አንድ መኪና በአንድ ዋጋ ብላችሁ ፈርማችሁ ላኩ፣ ወይ እስከ ዓርብ 3,000 ዶላሩን መልሱ አልኳቸው። መልእክቱን አንብበውታል፤ ምልክቱ ይታያል። እስካሁን መልስ የለም።

ሾፌሩ እጁን እየታጠበ ነው። አያ ምሳ አልበላም ብለው ወንበራቸው ላይ ቀርተዋል፤ ስልቻቸው ጣሪያ ላይ ስለሆነ በሶም አልጠጡም። ስልቻው ጣሪያ ላይ የወጣው በነፃ ነው ብያቸዋለሁ። አሁን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው በበረሃው በኩል ሲያዩ ቆዩና፣ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጉዳዩ ጠየቁኝ፤ «ያ ባሌ ያልከው አገር ሌሊት ብርዱ እንዴት ነው? አንድ ጋቢ ይበቃል?» አሉኝ።