ኧረ በናታችሁ፣ መብራት ስታጠፉ ቀድማችሁ ንገሩን!

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ ከባህር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ። ሳሎኔ ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። የባህር ዓሣና ኮራል ያለበት፣ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ። ገና አዲስ ነው፣ ዓመት አልሞላውም። ሥራው ከባድ መሆኑን አውቄ ስለገባሁበት በሱ አላማርርም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይሄ ገንዳ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገር እንዳይለዋወጥበት። ሙቀቱ ትናንት 25 ዲግሪ ከነበረ ዛሬም 25፣ ጨዉ ትናንት በሊትር 35 ግራም ከነበረ ዛሬም 35። እኛ ጋ ደግሞ የማይለዋወጥ ነገር የለም።

መብራቱን ልጀምር። መጥፋቱን እንኳ ለምደነዋል፣ የሚያበግነኝ ሳይነገር መጥፋቱ ነው። ለአንድ ሰዓት ይሁን ለሁለት ቀን የሚያውቅ የለም። ስልክ ትደውላለህ፣ አይነሳም። ከተነሳም «መስመር ተበላሽቶ ነው» ይሉህና ይዘጋል። ሌላው ሰው ሻማ ለኩሶ ይተኛል። እኔ ቤት ግን ፓምፑ ቆመ ማለት ውሃው መንቀሳቀስ አቆመ ማለት ነው፣ ያልተንቀሳቀሰ ውሃ ደግሞ ከአየር በቂ ኦክስጅን አይወስድም። የደጋው አየር ድሮም ስስ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ምጽዋ ወይ ጅቡቲ ያለ ሰው ተረጋግቶ የሚጠብቀውን ያህል እኔ መጠበቅ አልችልም። ዓሣዋ ወደ ላይ ወጥታ አፏን ስትከፍት ስትዘጋ እያየሁ እንዴት ልተኛ?

ሌሊት የማደርገውን ልንገራችሁ። በአንድ እጄ ስልኬን አበራለሁ፣ በሌላው እጄ ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰዋለሁ፣ አየር እንዲያገኝ። ክንዴ እስኪዝል። ከዚያ ከሰል አቀጣጥዬ ውሃ አሞቅና በሃይላንድ ሞልቼ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ገንዳው ላይ አንሳፍፈዋለሁ። መስታወቱን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። የማርቆስን የክረምት ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ማሞቂያው ከጠፋ ዲግሪው ዓይኔ እያየ ነው የሚወርደው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለችኝ፣ እግዜር ይስጣት፣ ማሞቂያውን ግን ትንሽ ባትሪ አይችለውም። «ጄኔሬተር ግዛ» የምትሉኝ አላችሁ። ቤንዚኑንስ ከየት አባቴ ላምጣው?

ሲመጣ ደግሞ ኃይል ጨምሮ ይመጣል። የመጀመሪያ ማሞቂያዬ የተቃጠለው መብራት በጠፋበት ሳይሆን በመጣበት ደቂቃ ነው። ይሄ እዚህ ሱቅ ሄደህ የምትገዛው ዕቃ አይደለም።

አዲስ ገንዳ ለምን እንዲህ እንደሚጎዳ ብዙ ሰው አያውቅም። ዓሣ በልቶ ሲጸዳዳ አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ገንዳው በደንብ እስኪረጋ ደግሞ ገና ብዙ ወራት አለ። ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። የቆየ ገንዳ ውስጥ ቢጎዱ የሚተርፉት ሥራውን ይዘውት ይቀጥላሉ። እኔ ጋ ያሉት ገና ጥቂት ናቸው፣ አንድ ክፉ ሌሊት የወራት ልፋት ይዞ ይሄዳል።

ይሄን እያወቀ «ውሃውን ሙላና በዚያው ቀን ዓሣውን ጨምር» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ጓደኛዬ አምኖት ገዛ፣ ዓሣዎቹ በሳምንቱ አለቁ። ነፍስ ነው የምትሸጠው ወንድሜ! ቢያንስ እውነቱን ንገረው።

ወደ ውሃው ልመለስ። የቧንቧ ውሃ እንዲሁ አይገባም። ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ውስጡ ያለው ሲሊኬት ደግሞ አሸዋውን ቡናማ የሚያለብሰውን ዳያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ይቀልባል። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ፣ ውሃውን በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ገፍቶ በሚያጣራ ዕቃ ነው የማሳልፈው። ማጣሪያው ግፊት ይፈልጋል፣ 3 ወይ 4 ባር ያህል። ቧንቧው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ሮቶ እንሞላለን፣ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። ግፊት የሚጨምር ፓምፕ አለኝ። እሱም የሚሠራው በመብራት ነው! በበጋ ደግሞ ውሃው ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ካልተካሁት ጨዋማነቱ ይጨምራል። መብራት የለም፣ የተጣራ ውሃ የለም፣ ገንዳው እየጎደለ ቆሜ አየዋለሁ።

ጨዉም እንደዚሁ ነው። «ከሱቅ ገዝተህ በጥብጥ» ይሉኛል። የሱቅ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ አዮዲን ተጨምሮበታል፣ አለቀ። የባህር ውሃ ውስጥ ማግኒዥየም አለ፣ በሊትር 400 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለ፣ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከዚያ ነው። ለገንዳ የተዘጋጀው ጨው በሰው ሻንጣ ከውጭ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ በደጀን ይመጣል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር እሱም እዚያው ይቀራል። «ለምን የጣና ዓሣ አታረባም?» ለሚሉኝም፦ ጣናን እወደዋለሁ፣ ግን ጣና ጨው የሌለው ውሃ ነው፣ ሌላ ዓለም ነው።

እንግዳ ሲመጣ ሌላ ጭንቀት። ጎረቤቴ እትዬ አሸዋው ቡናማ መሆኑን አይተው «ልጄ፣ ይሄን በበረኪና ፈትገህ አታጥበውም?» ይሉኛል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አዲስ ገንዳ ሁሉ በዚህ ያልፋል፣ ሲሊኬቱ ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል፣ በረኪና የነካው ዕለት ግን ሁሉም ያልቃል። ልጆች ዳቦ ፈርፍረው የሚጥሉበትም አለ። እባካችሁ ወላጆች፣ ያ ዳቦ ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ኮራሏ ናት። ደህና ቀን ከሆነ ጣቶቿን ዘርግታ ከውሃው ጋር ትወዛወዛለች። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ተኮማትራ ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ ነው የማገኛት። ዛሬ ጠዋት ጫፏ ነጥቷል። ኮራል ድንጋይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እንስሳ እኮ ነው! ሰውነቱ ውስጥ አልጌ ይኖራሉ፣ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያበሉታል። ሲጨንቀው ያስወጣቸዋል፣ ያኔ ነው የሚነጣው። ቶሎ ካልተመለሱለት በረሃብ ይሞታል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መስመር የምትጠግኑ ከሆነ፣ ፈረቃ ካለ፣ ከቀኑ በፊት በአጭር መልእክት አሳውቁን። ባትሪዬን ሞልቼ፣ ውሃዬን አጣርቼ እጠብቃለሁ። ክትባት በፍሪጅ የሚያስቀምጠው ፋርማሲ፣ ጫጩት በማሞቂያ የሚያሳድገው ሰው፣ ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚፈልገው።

ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ባህር ዳር የጨው ውሃ ገንዳ የጀመራችሁ ካላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጨዉን ተሰባስበን በአንድ ላይ እናስመጣ። ትርፍ 100 ዋት ማሞቂያ ያለው ካለ ዛሬውኑ እገዛዋለሁ።