የቁንጥጫ ሊቃውንት

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። አንድ ማታ ከጎረቤት የምስር ሳምቡሳ መጣልን። የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ አንዱን ገምጦ፣ «እነሱ ቤት ብወለድ ኖሮ ረመዳን ነበር የምጾመው?» አለ።

ቤቱ ጸጥ። የአባቱ ወንድም በጠረጴዛው ሥር እጁን ሰደደና ቆነጠጠው። መልሱ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። እምነታችንን እስከ ዛሬ በሁለት ጣቶቹ ይዞ አቆይቶልናል። (ሳምቡሳውን የላኩልን ቤትም ባለቁንጥጫ አይጠፋም።)

ታዲያ መጠየቅ አይችልም እንዳትሉ። አብራችሁት ሱቅ ሂዱ። ብስኩት ያነሣል። መነጽሩን አድርጎ ጀርባውን ያነባል። ዱቄት፣ ይለፍ። ስኳር፣ ይለፍ። «ኢ 471» የሚባል ማዋሃጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል። «ይሄ ከአትክልት ነው ከእንስሳ?» ባለሱቁ «ጋሼ፣ እኔ እሸጣለሁ እንጂ አልጋግርም» ይለዋል። አይበቃውም። ፎቶ አንሥቶ ዲሲ ላለችው እህቱ ይልካል። እዚያ ሌሊት ነው። ከእንቅልፏ ተነሥታ ትደውላለች። በስፒከር ይከራከራሉ። እኛ የሞባይል ካርድ ልንገዛ ከኋላው ተገትረናል። ሌላ ብስኩት ይወጣል፤ እሱም ይመረመራል። የፋብሪካው አድራሻ ሳይቀር ይነበባል። በመጨረሻ ቆሎ ገዝቶ ይሄዳል።

እምነት ሲሆን ግን ምን ምርመራ አለው? እንደ አያት ጋቢ ተጣጥፎ ይወረሳላ። «አባቶቻችን ያሉትን ማን ይጠይቃል?»

አባቶቻችን ናቸዋ! ቅዳሜ ይከበር አይከበር ብለው ከመቶ ዓመት በላይ ተሟግተው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ። የአንድምታ (የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ) መምህር አንዲት ቃል ይዞ «አንድም… አንድም…» እያለ ሲያገላብጣት ይውላል። የኛ ሰውዬ አንድም ቀን «አንድም» ብሎ አያውቅ።

እውነቱን ልናገር፣ ተናድጃለሁ። ልጁ አላፌዘም። የጎረቤቱን ልጅ ስለሚወድ ነው የጠየቀው። ክንዱ በልዟል። የትልቅ ሰው አፍ «አላውቅም» ለማለት ይህን ያህል ይከብደዋል?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ቁንጥጫው ሠርቷል። ልጁ ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም በጆሮዬ፦

«አጎቴ ዛሬ ይመጣል?»