ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኳኳታ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ሻይ ጥጄ፣ አዲሱ ሞተርሆሜ ውስጥ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ሞተርሆም ለማያውቅ ሰው፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመለት መኪና ማለት ነው። ለእርስዎ ማስረዳት ግን ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። አሮጌው ውስጥ ሰባት ዓመት ያለ ኪራይ ኖረዋል።

እርስዎን ፍለጋ ያልፈታሁት ብሎን የለም። ማንኪያዎቹን በፎጣ ጠቀለልኩ። በየሳህኑ መሀል ጨርቅ ከተትኩ። የምድጃውን ትሪ አውጥቼ ፍራሽ ሥር አስተኛሁት። አንዴማ ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ እየነዳሁ፣ ባለቤቴ ከኋላ ጆሮዋን ቁም ሣጥኑ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ምን ዋጋ አለው! ያን ዕለት ድምፅዎ ጠፋ። መካኒክ ዘንድ ስንደርስም እንዲሁ ነዎት። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ የሰው ልጅ።

በመጨረሻ አሮጌውን ሰጥቼ፣ ልዩነቱን ጨምሬ አዲስ ልወስድ ቆረጥኩ። ለሰው የማወራው ሰፋ ያለ አልጋ አምሮኝ እንደሆነ ነው። እውነቱን እኔና እርስዎ እናውቃለን።

ገማቹ የእርጥበት መለኪያውን ይዞ ከጥግ ጥግ ዞረ። መስኮቱ ሥርና የጣሪያው መጋጠሚያ ላይ ደጋግሞ ለካ። ውሃ በዚያ ከገባ ከውጭ ምንም ሳይታይ የውስጡ እንጨት ይበሰብሳል። ደረቅ ነው አለ፤ ተነፈስኩ። ከዚያ ተንበርክኮ ጎማው ላይ የታተመውን አነበበ፦ 2317። በፈረንጆቹ 2017፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ማለት ነው። «ጥርሱ እኮ አልተነካም!» ስለው፣ «ቆሞ ያረጀ ነው» አለና ዋጋ ቀነሰ። እርስዎን የሚለካበት መሣሪያ ግን አልነበረውም። መኪናው ቆሞ ስለነበር እርስዎም ትንፍሽ አላሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ ያመሰገንኩዎት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዲሱን ያስረከበችን ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳችን። ፍሪጁ መኪናው ሲነዳ በ12 ቮልት፣ ሲቆም በጋዝ ወይም በመብራት ይሠራል። ውርጭ ሳይመጣ የውሃው ታንከር ይራገፋል። ሌላም ብዙ ብላለች። እኔ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። በጭንቅላቴ የቀረው ቁልፉ የቱ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ብቻ ነው።

ሁለቱን መኪኖች በር ለበር አቁመን ዕቃ አዘዋወርን። ሦስት የቆርቆሮ መክፈቻና የጠፋ ካልሲዬ ተገኙ። አሮጌውን አንዴ ቸብ አድርጌው ተሰናበትኩ። እርስዎንም ጭምር፤ እንደመሰለኝ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ጸጥታ ሆነ። እንዲያውም ማፏጨት ጀምሬ ነበር። ከዚያ መንገዱ ላይ የመጀመሪያዋን ጉብታ ነካን።

ቅጭል። ቅጭል ቅጭል።

ያው ድምፅ፣ ያው ዜማ። ባለቤቴ መስኮቱ ላይ ተደግፋ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ስለሸጥኩት መኪና አሰብኩ። ለካ እርስዎ የእሱ አልነበሩም፤ የኛው ጓዝ ነዎት።

አክባሪዎ፣
ሾፌርዎ

ማሳሰቢያ፦ ሻዩ እየፈላ ነው። የማንቆርቆሪያው ክዳን ሲንቀጫቀጭ እየሰማሁ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ስለምናነሳው ጠቅልለነው አናውቅም። ከወንበሬ ሳልነሳ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ እርስዎ ነዎት?