አዋጁ በማን ቋንቋ ይነገር?

ስፔን በግዛቷ የሚነገሩት ካታላንኛ፣ ባስክኛና ጋሊሺያኛ ከአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋዎች ተርታ እንዲገቡላት ያቀረበችውን ጥያቄ የአባል አገራቱ ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2025 ድምፅ ሳይሰጡበት አሳደሩት፤ ከዚያ በኋላም ጉዳዩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ተንከባሏል። እኔን ከመዘግየቱ ይበልጥ ያበሳጨኝ ግን መዘግየቱን ሰበብ አድርጎ እንደገና ያንሰራራው ክርክር ነው። ሃያ አራት ቋንቋ መች አነሰና ነው ሦስት የሚጨመረው፣ ይልቅስ ሁሉንም ትቶ እንግሊዝኛን የአውሮፓ ብቸኛ የጋራ ይፋዊ ቋንቋ ማድረግ ይሻላል ይሉናል። ሦስት እንዲጨመርለት የለመነን ሰው ሃያ ሦስቱን ነጥቆ መመለስ ማለት ይህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጀርመን ፕሬዚዳንት የነበሩት ዮአኺም ጋውክ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ስለ አውሮፓ ባደረጉት ንግግር፣ በአንድ በኩል የአፍ መፍቻ ቋንቋ ከነግጥሙ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለማንኛውም የሕይወት አጋጣሚና ለማንኛውም ዕድሜ የሚያገለግል እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሊኖሩ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። እሳቸው የሌሎቹ ቋንቋዎች ይፋዊነት ይሰረዝ አላሉም። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች ግን ያቺን ክፍፍል አንስተው እስከ ጫፍ ወስደዋታል፤ የእናትህ ቋንቋ ለግጥምና ለልቅሶ ይሁንህ፣ ለግብሩ፣ ለቅጣቱና ለፍርድ ቤቱ ግን እንግሊዝኛ ተማር ነው የሚሉት። እኔ የምቃወመው ይህንኑ ነው። ሰው ቋንቋው ይፋዊ እንዲሆንለት የሚፈልገው ግጥም ለመግጠም አይደለም፤ ግጥምማ ማንም ሳይፈቅድለትም ይገጥማል።

ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሁሉ ደካማው የወጪው ነው፣ አዘውትረው የሚያነሱትም እሱኑ ነው። የኅብረቱ ተቋማት በሙሉ ለጽሑፍ ትርጉምና ለቃል አስተርጓሚነት በዓመት የሚያወጡት አንድ ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ቁጥሩ ለብቻው ሲጠራ ያስደነግጣል፤ ለብቻው የሚጠሩትም ስለዚህ ነው። ከኅብረቱ በጀት አንድ በመቶ እንኳ እንደማይሞላ፣ ለ450 ሚሊዮን ሕዝብ ሲካፈል ደግሞ ለአንድ ሰው በዓመት ሁለት ዩሮ ከምናምን ብቻ እንደሚደርስ አይነግሩንም። ለመሆኑስ ወጪው ይቀራል ያለው ማን ነው? ብራስልስ መተርጎም ስታቆም የትርጉም ሥራው አይጠፋም፤ ገበሬው በግሉ ተርጓሚ ይቀጥራል፣ ትንሹ ነጋዴ ጠበቃ ይከፍላል፣ ጡረተኛዋ የልጅ ልጇን ትለምናለች። አንድ ጊዜ ለሁሉም የሚተረጎመው ሕግ በየቤቱ በየግሉ፣ ለዚያውም እንደነገሩ ይተረጎማል። ይህን ቁጠባ ብሎ መጥራት በሕዝብ ላይ ማላገጥ ነው።

ነገሩ ከገንዘብ በላይ ነው። በአገራችን ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ ሲነገር አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ከመቅጣት ማሰማት ይቀድማል ማለት ነው። «ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም» የሚለው የሕግ ባለሙያዎች አነጋገርም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ ሕጉ በአደባባይ ተነግሯልና አላወቅሁም አትበለኝ ለማለት መጀመሪያ በትክክል መነገር አለበት። አውሮፓ ይህንን በፍርድ ቤት ተከራክራ ያረጋገጠች አህጉር ሆና ሳለ፣ ዛሬ እንደ ትርፍ ጌጥ አውልቁት ስትባል መስማት ያሳዝነኛል።

ቼክ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በሜይ 2004 ኅብረቱን ስትቀላቀል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ያሏቸው የኅብረቱ ሕጎች በአንድ ቀን የእሷም ሕጎች ሆኑ። ብዙዎቹ ግን ገና በቼክኛ በኅብረቱ ይፋዊ ጋዜጣ ላይ አልታተሙም ነበር። ስኮማ ሉክስ የተባለ ወይን አስመጪ ድርጅት በዚያው ሰሞን ያስገባውን ቀይ ጣፋጭ ወይን በተሳሳተ የታሪፍ ምድብ አስመዝግበሃል ተብሎ በኦሎሞውትስ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ተቀጣ። ድርጅቱ የተቀጣሁበት ደንብ በቋንቋዬ አልወጣም ብሎ ከሰሰ። የጉምሩኩ መልስ በደንብ መነበብ ያለበት ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግድ ውስጥ የኖረ ድርጅት ግዴታውን ሊያውቅ ይገባው ነበር፣ ደንቡም በኢንተርኔት ይገኝ ነበር የሚል ነበር። ዛሬ እንግሊዝኛ ይበቃል ከሚሉን ሰዎች ክርክር በምን ይለያል? የዘመኑ ሰው ነህና እወቅ፣ ኢንተርኔት ላይ አለልህና ፈልግ፣ ካልገባህ ጥፋቱ የራስህ ነው።

የሉክሰምበርጉ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 11 ቀን 2007 የሰጠው ፍርድ ይህን ሁሉ ውድቅ አደረገው። የአንድ አባል አገር ቋንቋ የኅብረቱ ይፋዊ ቋንቋ እስከሆነ ድረስ፣ በዚያ ቋንቋ በይፋዊው ጋዜጣ ያልታተመ ደንብ በዚያ አገር ግለሰቦች ላይ ግዴታ ሊጥል አይችልም አለ፤ ነጋዴው በሌላ መንገድ ደንቡን ሊያውቅ ይችል ነበር መባሉም፣ በኢንተርኔት መገኘቱም ሕትመትን አይተካም። በእኔ እምነት ኅብረቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ለተራው ሰው ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ነው። ጉልበተኛው አዋጁን ለራሱ ሹክ ብሎ ሊቀጣህ አይችልም ማለት ነውና።

ብልጥ ጠበቃ፣ እንግሊዝኛ ብቸኛ ይፋዊ ቋንቋ ከሆነ እኮ በእንግሊዝኛ ማተም ብቻ ስለሚበቃ ቀዳዳው ይደፈናል ሊለኝ ይችላል። አዎን ይደፈናል፤ የሚደፈነው ግን የዜጋው ጆሮ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ከፍቶ ያስገባውን ነጋዴ በሕግ ማሻሻያ መልሶ ከደጅ ማስቀረት መፍትሔ አይባልም።

የቋንቋዎቹ ብዛት ሕጉን ያዘበራርቀዋል የሚሉም አሉ። እኔ ደግሞ ያርመዋል እላለሁ። ይፋዊ ቋንቋዎቹ ገና አራት በነበሩበት ዘመን፣ የተትረፈረፈ ቅቤ በቅናሽ ዋጋ ለድጎማ ተቀባዮች እንዲሸጥ ተወስኖ ነበር። የጀርመንኛው ቅጂ ተጠቃሚው ስሙ የተጻፈበት ኩፖን እንዲያሳይ ሲያዝ፣ የፈረንሳይኛው ግን የግለሰቡ መሆኑ የሚለይ ኩፖን መሆኑ ብቻ ይበቃዋል። በጀርመን በኡልም ከተማ የሚኖር አንድ ሰው ድህነቴን ከነስሜ ለባለሱቅ ማሳየት ያዋርደኛል ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1969 አንዱን ቅጂ ነጥሎ ማንበብ እንደማይገባ፣ ሁሉም ተገናዝበው በሰው ላይ የማይከብደው ትርጉም መወሰድ እንዳለበት ፈረደ። የጀርመንኛው ቅጂ ብቸኛ ሕግ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ቅቤውን የሚያገኘው እያፈረ ነበር።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ እንግሊዝኛ የማንም ስላልሆነ ገለልተኛ ነው የሚለውም ክርክር የአየርላንድንና የማልታን ሕዝብ ከሰው ካለመቁጠር የመጣ ነው፤ በሁለቱም አገሮች እንግሊዝኛ ይፋዊ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኅብረቱ ራሱ ይፋ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ እንደ ውጭ ቋንቋ መነጋገር እንችላለን ያሉት 47 በመቶ ናቸው። መነጋገር እንችላለን ያሉት ናቸው እንጂ የጉምሩክ ደንብ አንብበው የሚረዱት አይደሉም። የገለልተኛው ቋንቋ ድንበር በአገርና በአገር መካከል አያልፍም፤ በየአገሩ ውስጥ ትምህርት በቀናውና ባልቀናው፣ በከተሜውና በገጠሬው፣ በወጣቱና በአዛውንቱ መካከል ነው የሚያልፈው። ከጀርመናዊና ከፈረንሳዊ ፉክክር ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህኛው መከፋፈል ነው።

የምኖረው ጀርመን ነው፤ ጎረቤቴ ሰማንያን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ፋብሪካ የጨረሱ ሴት ናቸው። መድኃኒት በተቀየረላቸው ቁጥር ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን ወረቀት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉና፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው እያቃኑ፣ በአጉሊ መነጽር መስመር በመስመር ያነባሉ። ከደም ግፊቱ ኪኒን ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚጠቅሰው ቦታ ላይ ሲደርሱ በእርሳስ ያሰምሩበታል። ያ ወረቀት በጀርመንኛ የተጻፈው በአምራቹ ደግነት አይደለም፤ የኅብረቱ ሕግ መድኃኒቱ በሚሸጥበት አገር ይፋዊ ቋንቋ እንዲጻፍ ስለሚያስገድድ ነው። ለማንኛውም የሕይወት አጋጣሚ፣ ለማንኛውም ዕድሜ የሚባለው እንግሊዝኛ እኒህ ሴት ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

ከአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምረን የመጣን ስለሆንን፣ ጀርመንኛውን፣ ስዊድንኛውን፣ ደችኛውን እንደ አዲስ ፊደል ከመቁጠር ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ በሆነልን ብለን የማናውቅ ጥቂት ነን። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ለእኔ ስለቀለለኝ እኒያ ሴት በተወለዱበት አገር ማንበብ የማይችሉ ሰው ይሁኑ ማለት እንግድነትንም ማጉደል ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። የኅብረቱ ሠራተኞች በየቢሯቸው በእንግሊዝኛ ቢነጋገሩ፣ ዳኞቹ በሉክሰምበርግ እንደሚያደርጉት በዝግ ሲመክሩ በፈረንሳይኛ ቢመክሩ ማንም አይጎዳም። ያ የሥራ ቋንቋ ነው። ይፋዊ ቋንቋ ግን መንግሥት ወደ ሕዝቡ የሚናገርበት፣ ሕዝቡም ጽፎ በዚያው ቋንቋ መልስ የማግኘት መብት ያለው ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ካለማወቅ የመጣ ካልሆነ ሆን ተብሎ ነው።

ለአስተዳደር ይቀልላል የሚለውም ተሞክሮ የታየ ነው። ሀንጋሪን ጨምሮ ብዙ የመካከለኛው አውሮፓ ግዛቶችን ይገዛ የነበረው የሀብስበርግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1784 በሀንጋሪ የመንግሥት ሥራ በላቲን መሠራቱ ቀርቶ በጀርመንኛ እንዲሆን አዝዞ፣ ለባለሥልጣናቱም ቋንቋውን የሚማሩበት አጭር ጊዜ ቆርጦላቸው ነበር። እሱም ግዛቶቹን በአንድ ቋንቋ ማስተዳደር ሥራ ያቃልላል ከማለት በቀር ለጀርመንኛ የተለየ ፍቅር የለኝም ባይ ነበር። የአውራጃ ጉባኤዎቹ አመፁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1790 መጀመሪያ ላይ፣ ሊሞት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ይህንንና ሌሎቹን አብዛኞቹን ለውጦች ሰረዘ። ሀንጋሪዎችም ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ቋንቋ አጥብቀው ይዘው በ1844 የመንግሥት ቋንቋ አደረጉት።

ወደ ሦስቱ ቋንቋዎች ልመለስ። ካታላንኛን ብቻ ብንወስድ የተናጋሪዎቹ ቁጥር ከማልታኛ ተናጋሪዎች ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ማልታኛ ይፋዊ መሆኑን ደግሞ ዛሬ ማንም አይቃወምም፣ መቃወምም አይገባም። ተርጓሚ አይገኝም የሚለው ምክንያትም መላ አለው። አየርላንድኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋዊ ሲሆን ተርጓሚ በበቂ ስላልነበረው አብዛኛው ሰነድ በጊዜያዊነት እንዳይተረጎም ተፈቅዶ፣ ተርጓሚ እየሠለጠነ ሄዶ፣ ፈቃዱ በ2022 መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። ያው መንገድ ለካታላንኛ፣ ለባስክኛና ለጋሊሺያኛ ክፍት ነው። ደንቡን ለመለወጥ የሁሉም አባል አገራት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እምቢ የሚሉት ሚኒስትሮች ከቀጠሮ ጀርባ መሸሸጋቸውን ትተው፣ እያንዳንዳቸው እጃቸውን አውጥተው፣ ለባርሴሎናና ለቢልባኦ ነዋሪ ምክንያታቸውን ይንገሩት፤ የሚናገሩትንም እሱ በሚሰማው ቋንቋ አስተርጉመው ያሰሙት።