የእንባ ቧንቧን ቅባት አይከፍተውም

«የሕፃኑ ዓይን ካነባና ዓይናር ካበዛ ቴትራሳይክሊን ቀቢው፣ ቧንቧው ይከፈታል» ያልሽው ልክ አይደለም፣ እህቴ። ቅባቱ ባክቴሪያ እንዳይራባ ያደርጋል እንጂ ቧንቧ አይከፍትም። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ቧንቧው አፍንጫ ውስጥ በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ያለው ስስ ሽፋን አለመከፈቱ ነው፤ ከ10 ሕፃናት የ9ኙ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈታል። የሚረዳው ጣት ነው፦ እጅን ታጥቦ፣ ጥፍርን ቆርጦ፣ ከዓይኑ የውስጥ ጥግ በአፍንጫው ጎን ጫን እያደረጉ ወደ ታች ማሸት። የእኔው ልጅ መጀመሪያ ቀን ሲታሽ ሰፈሩን በጩኸት አናውጦት ነበር።

ጥጉ አብጦ ከቀላና ሰውነቱ ካተኮሰ ግን የእንባ ከረጢቱ (እዚያው ጥግ ላይ እንባ የሚጠራቀምበት) አመርቅዟል፤ ማሸቱን አቁመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ያኔ የሚዋጥ ወይም በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ወር ያልሞላው ሕፃን ዓይኑ መግል ሞልቶ ቆቡ ካበጠም እንዲሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።