ይድረስ በአንድ እጅ ለሚታጠፉት ክቡር የሕፃን ጋሪ

ካሉበት፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከመጥረጊያው ጎን

ጉዳዩ፦ ማን ማንን እንደሚሸከም ግልጽ እንዲደረግልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? የፊት ግራ ጎማዎ ዛሬም ከጓደኞቹ ተነጥሎ በራሱ ሐሳብ እንደሚሄድ አይቻለሁና እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልዎ። እኛ ከወገባችን በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያየው የጻፍኩት በግል ተነጋግረን መግባባት ስላቃተን ነው። በደረጃ ላይ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በክትባት ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ብዙ ነገር ተናግሬዎታለሁ፤ አንዳንዱም ልጅ ባለበት የሚባል አልነበረም። ከእርስዎ ያገኘሁት መልስ ግን ሲጢጥ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

መርካቶ ውስጥ ሻጩ እርስዎን ያስተዋወቀን በሚያንጸባርቅ የሴራሚክ ወለል ላይ ነበር። በአንድ እጁ የማኪያቶ ብርጭቆ እንደያዘ፣ በሌላው እጀታዎ ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲያደርጋት ክቡርነትዎ እጥፍ ብለው እግሩ ሥር ተኙ። "ቀላል ነው፣ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፣ ዋጋውንም ለእናንተ ብዬ ነው" አለን። አንድ እጅ አያጨበጭብም እየተባለ ባደግንበት አገር አንድ እጅ ጋሪ ያጥፋል መባሉ ባለቤቴን አላሳመናትም ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ካርቶኑ ላይ ቀርቷል። ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ አንዲት እናት በሣር ሜዳ መካከል በተዘረጋ ልሙጥ መንገድ ላይ እርስዎን በሁለት ጣቷ እየገፋች ትስቃለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኮብልስቶን የለም፤ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ የለም፤ መንገዱ መሀል ተኝቶ የሚያመነዥክ በግ የለም። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው መመሪያ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም አማርኛ አልደረሰውም። አምራቹ ወደዚህ ይመጣሉ ብሎ የጠረጠረም አይመስለኝ።

"ከተወለደ ጀምሮ ይጠቀምበታል" ያለንም ያው ሻጭ ነው። የጀርባ መደገፊያዎ ወደ ኋላ ተዘርግቶ የማይተኛ በመሆኑ፣ አንገቱን ያላጸና፣ ራሱን ችሎ መቀመጥ ያልቻለ ጨቅላ በእርስዎ ላይ አይቀመጥም፤ ይህም ስድስት ወር ገደማ መጠበቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምሩ ዕረፍት ወጡ። በሠራተኛ ሕግ እንዲህ ያለ መብት ያለው ሌላ ፍጡር አላውቅም።

ስለ ዘርዎም ጥቂት አንብቤአለሁ። ቅድመ አያትዎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1733 ዊልያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃና የአትክልት ስፍራ ንድፍ ባለሙያ ለሦስተኛው የዴቮንሺር መስፍን ልጆች የሠራው ጋሪ ነው ይባላል፤ እንዲጎትተው የታሰበውም ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ ነበር። ይህን ሳነብ የሥራ መደቤ በታሪክ ውስጥ ስፍራ እንዳለው ገባኝ። ፍየሉ እኔ ነኝ።

የቅርቡ አባትዎ ደግሞ ኦወን ማክላረን ናቸው። የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ፤ ስፒትፋየር የተባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን የሚያርፍበትን እግር ከሠሩት መካከልም ይቆጠራሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የልጅ ልጃቸው የሚገፋበት ጋሪ ክብደት አማሯቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ከአሉሚኒየም ቧንቧ የተሠራ፣ ሦስት ኪሎ የማይሞላ፣ እንደ ጃንጥላ ተጣጥፎ የሚያዝ ጋሪ ነደፉ። ምሥጢሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ለካ እርስዎ የአውሮፕላን እግር ነዎት! የአውሮፕላን እግር የሚፈልገው የተስተካከለ ሜዳ ነው። ስፒትፋየር ራሱ ከብሎካችን በር ተነሥቶ እስከ ዳቦ ቤቱ ቢንከባለል ከነጎማው የሚደርስ አይመስለኝም።

ከመዳፌ የማይሰፋው ጎማዎ በሁለት ድንጋይ መካከል ገብቶ ቀጥ ሲል የኋላው እግርዎ ብድግ ይላል፤ ልጃችን ወደ ፊት ይሰግዳል፤ ቀበቶው ይመልሰዋል። ትንሽ ስንሄድ እንደገና ይሰግዳል። የሚገርመው እሱ ደስተኛ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ አፉን ከፍቶ "አ" ሲል ድምፁ ተንቀጥቅጦ "አ-አ-አ-አ" ሆኖ ስለሚወጣ፣ የሚናገር መስሎት ያንኑ እየደጋገመ ሰፈሩን ያስቃል። "አባ" ያለኝም እዚያው ነው፤ ግን በሰባት "ባ" ስለነበር ባለቤቴ አልመዘገበችልኝም። ሲብስብኝ እርስዎን አዙሬ ትልልቆቹን የኋላ ጎማዎች አስቀድሜ እየጎተትኩ በጀርባዬ እሄዳለሁ። መላው ይሠራል። ችግሩ አላፊ አግዳሚው ሁሉ "ልጁን ወዴት ነው የኋሊት የምትወስደው?" ብሎ መጠየቁ ነው።

ፍርድ ግን አላጓድልም። በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ፣ ለምሳሌ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሲጢጥታው ይጠፋል፤ ግራ ጎማዎ ንስሐ ይገባል፤ እኔም እንደ ካርቶኗ እናት በሁለት ጣት እየገፋሁ ለመሳቅ ይቃጣኛል። ነገር ግን ከቤታችን እዚያ ለመድረስ ታክሲ ያስፈልጋል፤ ታክሲ ለመግባት ደግሞ መታጠፍዎ ግድ ነው።

መገናኛ ላይ ያደረጉትን ያስታውሳሉ? ካፊያ ጀምሯል፣ ሰልፉ ለእኛ ደርሷል፣ ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ" እያለ በሩን ይደበድባል። ልጁን በግራ ክንዴ አቅፌ በቀኜ ቁልፏን ጫንኩ። ምንም። ደግሜ ጫንኩ። እርስዎ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ነዎት። አንዲት እናት ልጁን ተቀበለችኝና ሁለት እጅ አገኘሁ፤ አሁንም ምንም። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ መሐንዲስ ሆነ። ከረባት ያሰሩ ሰውዬ "ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት ነው" አሉ። ሌላው "መጀመሪያ ጥላውን እጠፈው" አለ። አንዲት አሮጊት "ተወው ልጄ፣ ደክሞት ይሆናል" ብለው አዘኑልዎ። በመጨረሻ የደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ ጎንበስ ብላ ከኋላ እግርዎ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብረት በጫማዋ ወደ ላይ ገፋ ስታደርጋት ያለ ማስጠንቀቂያ እጥፍ ብለው የባለከረባቱን ጣት ቆረጠሙ። ሻጩ በእጁ ሲያሳየን በእግሩ ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ስለ ጣት ከተነሣ ሽሙጤን ለአንድ አፍታ ላቁም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በአሜሪካ በአባትዎ ስም በሚጠራው ኩባንያ የተሠሩ አንድ ሚሊዮን ገደማ ታጣፊ ጋሪዎች ማጠፊያቸው ሽፋን እንዲደረግለት ጥሪ ተላልፎ ነበር፤ ጋሪው ሲዘረጋ ማጠፊያው ውስጥ በገባ ጣት ምክንያት ጫፉ የተቆረጠባቸው አሥራ ሁለት ሕፃናት ሪፖርት ተደርገው ነበርና። ስለዚህ በእኛ ቤት እርስዎ ሲታጠፉም ሆነ ሲዘረጉ ልጁ ራቅ ብሎ በሰው እጅ ነው። አንድ እጅ የሚባለውም ለዚህ ነው መቼም እውነት የማይሆነው፤ ሌላው እጅ ልጁን ከእርስዎ ለማራቅ ያስፈልጋል።

ወደ ታክሲው እንመለስ። ልጁ ጭኔ ላይ ተቀመጠ፤ እርስዎ ደግሞ ኋላ ወንበር አጠገብ ተጋደሙ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ወደ እርስዎ እያየ "የዚህም የሰው ሒሳብ ነው" አለኝ። ልጄ በነጻ ሄደ፣ እርስዎ ተከፈለልዎት። የተገዙት ለልጁ መጓጓዣ መሆኑን ላስረዳው ብሞክርም፣ ረዳቱ ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃው ይጠብቀናል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው "ቀላል" የሚባለው ቃል የሚያገለግለው እስከ ሁለተኛው ፎቅ ነው። ታች ትቼዎት እንዳልወጣ፣ ከደረጃው ሥር ያለው ቦታ በአንዱ ጎረቤት ብስክሌት፣ በሌላው ከሰል፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ በሦስተኛው በግ የተያዘ ነው። ልጁን በግራ፣ እርስዎን በቀኝ፣ የዳይፐሩን ቦርሳ አንገቴ ላይ አድርጌ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ማሰሪያዎ ይፈታል። መገናኛ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ለምኖዎት ያልታጠፉት ሰው፣ ጠባብ ደረጃ ላይ ማንም ሳይጠይቅዎ ይዘረጋሉ! ከላይ የሚወርዱት ጎረቤትም ግድግዳ ተደግፈው እየጠበቁን "ጋሪ ገዛችሁ? ተገላገላችሁ በሉኛ" ይሉናል።

ቤት ውስጥ ግን ማን እንደ እርስዎ! ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ያለ ድምፅ ይንሸራተታሉ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይባላል፤ ክቡርነትዎ ተረቱን ገልብጠውታል።

ስለ ቅርጫትዎም ላንሳ። ዳቦና ሁለት ሎሚ ሲገባበት ይሞላል። የተረፈውን ፌስታል እጀታዎ ላይ ስሰቅል ልጁ እስከተቀመጠ ድረስ ዝም ይላሉ። ላቅፈው ከፍ ባደረግኩት ቅጽበት ግን ወደ ኋላ ይገለበጣሉ፤ ሽንኩርቱም ቁልቁለቱን ይይዛል። ከፊት ይመዝን የነበረው ልጁ ስለሆነ ነገሩ በሳይንስ የታወቀ ነው፤ እጀታ ላይ ዕቃ እንዳይሰቀልም መመሪያው ሥዕል ሠርቶ አስጠንቅቋል። ታዲያ ሽንኩርቱን ጭንቅላቴ ላይ ልሸከመው?

ጥላዎም የሚሸፍነው የልጁን ግንባር ብቻ ነው። ከፀሐይም ከሰው ዓይንም ይጠብቀው ተብሎ ነጠላ ይጣልበታል፤ ነጠላው ደግሞ አየር ስለሚዘጋ ውስጡ ይግላል። አማቴ ይሸፍናሉ፣ ባለቤቴ ትገልጣለች፤ እርስዎ መሀል ቆመው ቤተሰብ ያጣላሉ።

አማቴን ካነሣሁ አይቀር፣ እርስዎን ያዩ ዕለት ዙሪያዎን ዞረው መረመሩና "ይህ ልጅ ምን በድሎ ነው ከሰው ጀርባ አውርዳችሁ ብረት ላይ ያሰራችሁት?" አሉ። ልጆቻቸውን ሁሉ በአንቀልባ አዝለው ያሳደጉ ናቸው። አንቀልባ ቁልፍ የለውም፤ ጎማው አይጣመምም፤ የሰው ሒሳብም አይጠየቅበትም። አማቴ ይህን ሁሉ አልተናገሩም፤ አሳዩን እንጂ። አንድ ቅዳሜ ልጁንና እርስዎን ይዘው ገበያ ሄዱ። ሲመለሱ ልጁ ጀርባቸው ላይ በነጠላ ታዝሎ ተኝቷል። እርስዎ ላይ ደግሞ አንድ ጥቅል ጎመንና አንድ ፌስታል ቲማቲም ተቀምጠዋል፤ የትከሻው፣ የወገቡና የጭኑ ቀበቶ በሥርዓት ታስሯል። "ቲማቲሙ እንዳይፈርጥ ብዬ ነው" አሉን፤ በኮብልስቶኑ መጥተው አንድም አልፈረጠም።

እኔን ያስቆጣኝ ይህ ነው። ለልጁ ሲሆን የሚሰንፉት ሰው ለሌላው ሁሉ ታታሪ ነዎት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጎረቤታችን ተውሰውዎት ሃያ ሊትር ጀሪካን ጫኑብዎ። ጎንዎ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከ15 ኪሎ በላይ አይጫን ይላል። ዘጠኝ ኪሎ በማይሞላ ልጅ የሚያቃስቱት ክቡርነትዎ ያን ጀሪካን ይዘው ከቦኖው እስከ ብሎኩ ሲጢጥ ሳይሉ ደረሱ። በመስኮት ቆሜ አይቻለሁ።

ለሌላ ወላጅ አሳልፌ ልሰጥዎም ሞክሬ ነበር። ያናገርኩት ሁሉ "እኛም አለን፣ ከበሩ ጀርባ ቆሟል" ይለኛል። አንዱ እንዲያውም የእሱን ጨምሬ እንድወስድለት ለመነኝ።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወይ ልጁን ይሸከሙ፣ ወይ በይፋ የጀሪካንና የጎመን ማመላለሻ ሆነው ይመዝገቡና እኛም አንቀልባችንን እናውርድ። መልስዎን እስከ መጪው የክትባት ቀን እጠብቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ፍየሉ

ግልባጭ፦
ለአማቴ፣ እንዳያነቡት ተደርጎ
ለታክሲው ረዳት፣ ለተከፈለው የሰው ሒሳብ ደረሰኝ እንዲሰጠን
ለጎረቤታችን፣ ሐሙስ ልጁ ክትባት ስላለው ውኃው ረቡዕ ማታ እንዲቀዳ